ድንበሩን መጀመሪያ ለይ፤ ቢጂፒው ይከተላል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ ሁለት ራውተር አለው። አንዱ ከአንዱ ቴሌኮም፣ ሌላው ከሌላው ቴሌኮም በሚመጣ መስመር ላይ ነው። ስምንት ቅርንጫፎች አሉን፦ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር፣ ሞጣና ቢቸና። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ራውተር ይዞ በኢንተርኔት ላይ ወደ ሁለቱም የዋና ቢሮ ራውተሮች የተመሰጠረ ተነል (የግል መተላለፊያ) ዘርግቷል። እስካሁን የኖርነው በእጅ በጻፍነው ስታቲክ ሩት ነው። አንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌሊትም ቢሆን እኔ ነኝ ተነሥቼ የማዞረው። አሁን ራውተሮች የትኛው መንገድ የት እንደሚያደርስ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል፣ ቢጂፒን፣ ልናስገባ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «ሁሉም የራሳችን ስለሆነ አይ-ቢጂፒ ነው የሚገባው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኢ-ቢጂፒ ይፈጥናል፤ የሱ ቁጥር 20 ነው፣ የዚያኛው 200 ነው» ይላል። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ግራ ገብቶኛል። የትኛውን ልምረጥ? የራሳችን የኤኤስ ቁጥርስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ በሌሊት ተነሥተህ መስመር ማዞርህ እንዲቀር ከልቤ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። በሁለቱ የዋና ቢሮ ራውተሮች መካከል አይ-ቢጂፒ አድርግ። ከዋናው ቢሮ ወደ ቅርንጫፎቹ ግን ኢ-ቢጂፒ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱን የግል ኤኤስ ቁጥር ስጠው። ባልደረቦችህ ሁለቱም የሆነ እውነት ይዘዋል። የጀመሩበት ቦታ ነው ያልተስማማኝ።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ድንበሩ የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። ኤኤስ ማለት በአንድ ውሳኔ የሚተዳደር ኔትወርክ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ለምሳሌ 24757 ነው። ሁለት ራውተሮች ቢጂፒ ሲጀምሩ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ግንኙነቱ አይ-ቢጂፒ ይሆናል፣ ከተለያየ ኢ-ቢጂፒ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፕሮቶኮሉ ያው ነው፤ ሁለቱም በቲሲፒ 179 ነው የሚነጋገሩት፣ መልእክቱም አንድ ነው። የሚለያዩት አንዱ ራውተር የሰማውን ለማን እንደሚያወራና ሲያወራ ምን እንደሚጨምርበት ነው።

ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄድ ደብዳቤ አስብ። ያለፈበት ቢሮ ሁሉ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ኢ-ቢጂፒ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የመንገድ መረጃው ከአንዱ ኤኤስ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር የላኪው ኤኤስ ቁጥር ኤኤስ ፓዝ በሚባለው ዝርዝር ላይ ይጨመራል። ራውተርህ የራሱን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ካየ «ይሄ ዞሮ የመጣ ነው» ብሎ ይጥለዋል። አይ-ቢጂፒ ላይ ግን ሁሉም የአንድ ቤት ሰው ስለሆነ ማኅተም የሚባል ነገር የለም። ማኅተም ከሌለ ደግሞ ወሬው ሲዞር ቢውል የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው አይ-ቢጂፒ አንድ ጥብቅ ሕግ ያለው፦ ከቤት ሰው የሰማኸውን ለሌላ የቤት ሰው አታውራ። እያንዳንዱ ከባለቤቱ በቀጥታ መስማት አለበት።

የአይ-ቢጂፒ ራስ ምታት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ሕግ ነው። ያንተን ኔትወርክ እንቁጠረው። ስምንት ቅርንጫፍና ሁለት የዋና ቢሮ ራውተር፣ በድምሩ 10። ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ይነጋገር ከተባለ 45 ሴሽን (የሁለት ራውተር የቢጂፒ ግንኙነት) ያስፈልጋል። ነገ ደጀን ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብትከፍቱ 10 ይጨመርና 55 ይሆናል፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ ነባሮቹን ራውተሮች በሙሉ አንድ በአንድ መንካት አለብህ። እኔ ባልኩህ መንገድ ግን ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ሴሽን ነው የሚነሣው፣ 16 ማለት ነው፤ በዋናው ቢሮ መሐል ያለው አንድ ሲደመር 17። ደጀን ሲከፈት ሁለት ብቻ ትጨምራለህ፣ እንጅባራና ቢቸናን አትነካም።

«ሩት ሪፍሌክተርስ?» ትለኝ ይሆናል፣ ልክ ነህ። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣ መፍትሔ ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት መግለጫ አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) 4456 ነው። ሁለቱን የዋና ቢሮ ራውተሮች ሪፍሌክተር ታደርጋቸውና ከአንዱ ቅርንጫፍ የሰሙትን ለሌላው እንዲያወሩ ትፈቅድላቸዋለህ። ወሬው እንዳይዞርም የራሳቸው ምልክት ይጨምሩበታል። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ትልልቅ ኔትወርኮች ሞልተዋል፣ ባልደረባህም ይህን አስቦ ከሆነ አልተሳሳተም። መቶና ሁለት መቶ ቅርንጫፍ ቢኖርህ፣ የሁሉንም ራውተር ኮንፊግ አንድ ዓይነት ማድረግ ብትፈልግ፣ እኔም ምናልባት ወደዚያው አዘነብል ነበር።

ላንተ ግን ኢ-ቢጂፒን የመረጥኩት በኔክስት ሆፕ ምክንያት ነው። ኔክስት ሆፕ ማለት «ወደዚህ ኔትወርክ መሄድ ከፈለግህ ለዚህ አድራሻ ስጥ» የሚለው ነው። ኢ-ቢጂፒ ላይ ራውተሩ ወደ አንተ ሲያስተላልፍ በተለመደው ሁኔታ አድራሻውን በራሱ ይተካዋል። አይ-ቢጂፒ ላይ ግን እንደመጣ ነው የሚያልፈው። ሞጣ ያለው ራውተር የባሕር ዳርን ኔትወርክ በሪፍሌክተሩ በኩል ሲሰማ፣ ኔክስት ሆፑ የባሕር ዳር ተነል አድራሻ ሆኖ ይመጣል። ሞጣ ያንን አድራሻ በሌላ መንገድ ካላወቀው መንገዱን አይጠቀምበትም። ስለዚህ ከሥር ኦኤስፒኤፍ የሚባለውን የውስጥ መንገድ ፕሮቶኮል ወይም ሌላ ነገር ማስኬድ አለብህ፤ አለዚያ ሪፍሌክተሩ ላይ አድራሻውን በራሱ እንዲተካ ማዘዝ ነው፣ በሲስኮ ኩባንያ ራውተሮች ላይ ደግሞ በሪፍሌክተር ለሚያልፉ መንገዶች ተራው የኔክስት-ሆፕ-ሰልፍ ትእዛዝ ስለማይበቃ «ኦል» የሚል ቃል ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ስምንት ቅርንጫፍ ላለው ሰው መጫን አልወድም።

ይህቺን ነገር በደንብ የማውቃት ስለቀመስኳት ነው። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ራውተሮችን በአይ-ቢጂፒ አገናኘሁ። አንደኛው ከውጭ ጎረቤት ጋር በኢ-ቢጂፒ ተያይዟል። ሴሽኑ ተነሣ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ራውተር ላይ ሾው አይፒ ቢጂፒ ስል መንገዶቹ በሙሉ ተደርድረው አየሁ። ኢንተርኔት ግን የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋየርዎሉን ስፈትሽ ቆየሁ። በመጨረሻ ዝርዝሩን ጠጋ ብዬ ሳየው በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ኮከቧ አለች፣ ከጎኗ መኖር ያለባት ቀስት ግን የለችም። ቀስቷ «ይህን መርጫለሁ» የምትል ምልክት ናት። አንዱን መንገድ ብቻውን ጠርቼ ስከፍተው ከውጭው ጎረቤት አድራሻ አጠገብ «ኢንአክሰሲብል» (አይደረስበትም) ይላል። ሁለተኛው ራውተር የውጭውን ጎረቤት አድራሻ ጨርሶ አያውቀውም። የመጀመሪያው ራውተር ላይ ኔክስት-ሆፕ-ሰልፍ የምትለዋን አንድ መስመር ስጨምር ቀስቶቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ። አንተም በሁለቱ የዋና ቢሮ ራውተሮች መካከል ስታገናኝ ይህችን መስመር በሁለቱም ላይ ከመጀመሪያው ጻፋት።

አሁን ወደ 20 እና 200 እንምጣ። ሁለተኛው ባልደረባህ የጠቀሳቸው ቁጥሮች ሲስኮ ላይ ትክክል ናቸው። ግን የፍጥነት ቁጥሮች አይደሉም። አንድ ኔትወርክ ከሁለት ምንጭ ሲሰማ ራውተሩ ማንን እንደሚያምን የሚወስንባቸው ናቸው፤ ትንሹ ይታመናል። ኦኤስፒኤፍ 110 ነው። ስለዚህ ኢ-ቢጂፒ ኦኤስፒኤፍን ያሸንፋል፣ አይ-ቢጂፒ ይሸነፋል። ጁኒፐር ላይ ደግሞ ለሁለቱም 170 ነው፤ የሁለት ኩባንያ ራውተር ከቀላቀልክ ይህን አስታውስ። ይህ ቁጥር አንዳንዴ ጉዳትም አለው። የዋናው ቢሮ ኔትወርክ በኦኤስፒኤፍ እየታወቀ፣ ያው ኔትወርክ በሌላ በር ዞሮ በኢ-ቢጂፒ ቢመለስ፣ ራውተሩ 20ውን አምኖ አጠገቡ ላለ ሰርቨር በቅርንጫፍ በኩል ሊዞር ይሞክራል። ቅርንጫፎቹ የራሳቸውን ኔትወርክ ብቻ እንዲያስተዋውቁ አጣራ፤ ሌላውን ሁሉ ከልክል።

የቱ መስመር ይቅደም የሚለውን ደግሞ በሎካል ፕሪፈረንስ ትወስናለህ። ከባሕር ዳር ደጀን ለመድረስ ሁለት መንገድ እንዳለ ታውቃለህ። አንዱ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ አንተ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ይደርስና ይቀጥላል፤ ሌላው በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና ነው። ሹፌሩ የሚመርጠው ርቀቱን ብቻ አይቶ አይደለም፤ መንገዱ ምን ይመስላል፣ ጭነቱ የት ይወርዳል የሚለውንም ያስባል። ሎካል ፕሪፈረንስ እንዲህ ያለ ፍላጎትህን የምትናገርበት ቁጥር ነው። ዲፎልቱ 100 ነው፣ ትልቁ ይመረጣል፣ ከኤኤስ ፓዝ ርዝመትም ይቀድማል። በአይ-ቢጂፒ ላይ ከራውተር ወደ ራውተር ይተላለፋል፤ በኢ-ቢጂፒ ድንበር ላይ ግን ይቀራል። ዋናው ቢሮ ላይ አንደኛው ራውተር ከቅርንጫፎች ለሚሰማው 200 ቢሰጥ ሁለተኛው ራውተር ወዲያው ያውቃል፣ ትራፊኩንም ወደ እሱ ያሳልፋል። ይህ በመካከላቸው አይ-ቢጂፒ እንዲሆን የምፈልግበት ዋናው ምክንያት ነው፤ ሁለቱ አንድ ሐሳብ ይኖራቸዋል። ቅርንጫፎቹ ላይ ግን ቁጥሩ ስለማይሻገር በእያንዳንዱ ላይ ለብቻ መጻፍ ይኖርብሃል። የምክሬ ዋጋ ይህ ነው፣ አልደብቅህም።

ከወደድክ ጭነቱን ክፈለው። የምዕራቡ መንገድ ቅርንጫፎች የመጀመሪያውን መስመር ያስቀድሙ፣ ሞጣና ቢቸና ሁለተኛውን፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም በሌላው ይሂድ። መሄጃውና መመለሻው አንድ መስመር ላይ እንዲሆን ግን ተጠንቀቅ። ፋየርዎል ጥያቄው ሲወጣ ሳያይ መልሱ ብቻ ሲመጣበት ይዘጋዋል። ያኔ ፒንግ አንዳንዴ እየሠራ ፕሮግራሙ አይከፈትም።

በሰዓቱ ላይም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚጎዳው ሰው ወረፋ ላይ የቆመው ነው። ሲስኮ ላይ ዲፎልቱ በየ60 ሴኮንዱ «አለሁ» ማለትና 180 ሴኮንድ ዝም ካለ «ሞቷል» ማለት ነው። ተነል ደግሞ መሐል ላይ ሲበጠስ ሁልጊዜ በራሱ አይወርድም፤ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ውስጥ ጤፉን ሸጦ ገንዘቡን ሊያስገባ የመጣ ገበሬ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ካሸሯም እስክሪኑን እያየች፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃሉ ማለት ነው። 10 እና 30 አድርገው። ቢኤፍዲን (መስመር መበጠሱን ፈጥኖ የሚያስታውቀውን) ራውተሩ ከቻለ በፋይበር ላይ ተጠቀምበት። በሞባይል ዳታ በሚሠራ ቅርንጫፍ ላይ ግን በጣም አታሳጥረው፤ መስመሩ ትንሽ በተንገዳገደ ቁጥር ሴሽኑ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል።

አንድ የማትረሳው ጥንቃቄ፦ ተነሉ የሚያርፍበትን የኢንተርኔት አድራሻ በዚያው ተነል ውስጥ አታስተዋውቅ። ራውተሩ ተነሉን ራሱን በተነሉ ውስጥ ሊያሳልፍ ይሞክርና ይወድቃል፤ ሲወድቅ መንገዱ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል። ወደዚያ አድራሻ የሚወስደው ስታቲክ ሩት እንዳለ ይቆይ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ለአሁኑ መግዛትም ማመልከትም የለብህም። ከ64512 እስከ 65534 ያሉት ለግል አገልግሎት የተተዉ ናቸው። ዋናው ቢሮ 65000 ይሁን፣ ቅርንጫፎቹ ከ65001 እስከ 65008። ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ቁጥር ልስጥ ብትል፣ ዳንግላ ከቡሬ የመጣውን መረጃ የራሱን ማኅተም አይቶበት ይጥለዋል። ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ከሆነ ችግር የለውም፣ ከተነጋገሩ ግን ሌላ ማስተካከያ ይጠይቅሃል። ቁጥር ስላልቸገረህ ለየብቻ ስጣቸው።

የሕዝብ ኤኤስ ቁጥር የሚያስፈልግህ የራሳችሁ የኢንተርኔት አድራሻ ኖሯችሁ በሁለቱም ቴሌኮም በኩል ለዓለም ማስተዋወቅ ስትፈልጉ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን አገልግሎት ስለሚሰጥ ይህ እኛ አገርም የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ለአፍሪካ ቁጥሩንም አድራሻውንም የሚሰጠው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው፤ አድራሻው ከ/24 (ከ256 አድራሻ) ካነሰ አብዛኛው ኔትወርክ አይቀበለውም። ያን ቀን ከሁለቱም ጋር እውነተኛው ኢ-ቢጂፒ ይጀመራል፣ ማጣሪያ ሳትጽፍም ገመዱን አትሰካ። ከአንዱ ቴሌኮም የሰማኸውን ለሌላው ካወራህ የሁለቱ ትራፊክ በደብረ ማርቆሷ ትንሽ ራውተር በኩል ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2008 ፓኪስታን ውስጥ ዩቲዩብን ለአገር ውስጥ ብቻ ለመዝጋት የተጻፈ መንገድ ድንበሩን አምልጦ ወጣ። ዩቲዩብ ካስተዋወቀው ይልቅ ጠባብና ዝርዝር ስለነበረ ራውተሮች ያንን መረጡ፤ ዩቲዩብም ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ጠፋ። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212 ኢ-ቢጂፒ ላይ ፖሊሲ ካልተጻፈ ምንም አይግባ፣ ምንም አይውጣ ይላል። አሮጌ ራውተሮች ግን ይህን አያውቁም፤ ያገኙትን ሁሉ ያሳልፋሉ።

ከቢጂፒው ውጭ አንድ ነገር አጣራልኝ። ሁለት ቴሌኮም አለን ስትሉ ሁለቱ ገመዶች ወደ ቢሮው የሚገቡት በየት በኩል ነው? አንድ ምሰሶ ላይ ከሆኑ፣ ወይም አንድ ቦይ ውስጥ ከተቀበሩ፣ አንድ የጭነት መኪና ወይም አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ባንዴ ይወስዳቸዋል። ወጥተህ በዓይንህ እየው፣ ቴክኒሻኖቹንም ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ኔትወርክ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «በአንድ ድርጅት ውስጥ አይ-ቢጂፒ፣ በድርጅቶች መካከል ኢ-ቢጂፒ» ብለው አስተማሩን። አሁን ሳነብ ግን ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች በውስጣቸው ኢ-ቢጂፒ ነው የሚጠቀሙት ይላል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ ያነበብሽውም ትክክል ነው። መነሻው እሳቸው ያሉት ነው። በኋላ በመቶና በሺ የሚቆጠር ስዊች ባለበት አዳራሽ የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ ኦኤስፒኤፍን ከሥር፣ አይ-ቢጂፒን ከላይ፣ ሪፍሌክተርን ከጎን ከማስኬድ አንድ ፕሮቶኮል ብቻ ቢኖረን አይሻልም ወይ አሉ። ለእያንዳንዱ የሰርቨር መደርደሪያ ስዊች የራሱን የግል ኤኤስ ቁጥር ሰጡት። ያኔ ማኅተሙ ዑደትን ይከላከላል፣ ኔክስት ሆፑ በራሱ ይቀየራል፣ አንድ ስዊች ሲበላሽም ጉዳቱ የት እንደደረሰ ከኤኤስ ፓዙ ላይ ይነበባል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 አርኤፍሲ 7938 ሆኖ ወጥቷል፤ አጭር ነው፣ አንብቢው።

አንድ ነገር ልብ በይ። በባለ 16 ቢቱ ክልል ያሉት የግል ቁጥሮች 1023 ብቻ ናቸው፤ ለትልቅ ዳታ ሴንተር አይበቁም። ስለዚህ ወይ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ እየደገሙ ይጠቀማሉ፣ ወይም ከ4200000000 ጀምሮ ያለውን የባለ 32 ቢት ክልል ይወስዳሉ። እኔ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። እነዚህ ድንበሮች የድርጅት ድንበሮች አይደሉም፤ ዲዛይን አድራጊው ለሥራው እንዲመቸው ራሱ ያሰመራቸው ናቸው። ለፈተና ግን መምህርሽ ያሉትን ጻፊ፣ ከሥሩ ይህን ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው የምጽፈው። ሁለት ራውተር በሉፕባክ (ከገመድ ጋር ባልተያያዘ የራውተሩ የውስጥ) አድራሻ ላገናኝ ብዬ አይ-ቢጂፒው ወዲያው ተነሣ፣ ኢ-ቢጂፒው ግን «አይድል» (ሥራ ፈት) ላይ ቆሞ ቀረ። ኮንፊጉ አንድ ዓይነት ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም። ኢ-ቢጂፒ ጎረቤቱን በቀጥታ በተያያዘ ገመድ ላይ ነው የሚፈልገው፤ ፓኬቱንም ቲቲኤል 1 (ከአንድ እርምጃ በላይ እንዳይሄድ) አድርጎ ይልከዋል። ሉፕባክ ደግሞ ከገመዱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ነው። አይ-ቢጂፒ ይህ ገደብ የለበትም፣ ለዚህ ነው የተነሣልህ። ኢ-ቢጂፒ-መልቲሆፕ 2 ብለህ በሁለቱም ወገን ጻፍ፤ አፕዴት-ሶርስ ሉፕባክ የሚለው በሁለቱም ላይ መኖሩን አረጋግጥ፤ ወደ እያንዳንዱ ሉፕባክ የሚወስድ ስታቲክ ሩትም ይኑር። በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሉፕባኩን ተወውና በገመዱ አድራሻ አገናኛቸው። ገመዱ ሲነቀል ሴሽኑ ሰዓት ሳይጠብቅ ይወርድልሃል።